የዶሮ እጣቢ ያጠጣኋት ጽጌረዳ

ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ሐይቅ ዳር ሄዶ ዓሣ ይበላል፣ ምንም ባይሆንለት ጥርሱን ያስነቅላል። እኔ ዘንድሮ ፈቃድ የወጣሁት ለመተኛት ነው። ምን ዓይነት ሰነፍ ነው እንዳትሉኝ። ጠዋት ጠዋት መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም፣ ማታ ማታ ደግሞ በሌላ ሰልፍ የሚመለስ ሰው ድካሙ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ፈቃድ ስጠይቅ «ለግል ጉዳይ ነው» አልኩ። የግል ጉዳዬ ትራሴ ነበር።

ታዲያ በፈቃዴ የመጀመሪያ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አከራያችን እትዬ ወርቄ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ለመንገድ ተሰናድተዋል።

«ልጄ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም እትዬ፤ ከተነሳሁ ቆየሁ» አልኩ፣ የትራሱ ስፌት ጉንጬ ላይ እንደታተመ።

ደብረ ብርሃን ያሉት እህታቸው ታመው ሊያስታምሟቸው መሄዳቸው ነው። ቤቱን ለእግዚአብሔር፣ አበቦቹን ለእኔ አደራ ሰጥተው ሊሄዱ መጡ። እኔ ብሆን አገላብጬ ነበር የምሰጠው።

እትዬ ወርቄ ግቢ ውስጥ አበባ የሌለበት ቦታ የምንረግጠው ብቻ ነው። አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ጣሳ፣ ጆሮው የወለቀ ድስት፣ ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር በቅሏል። የሁሉም እመቤት ግን ከደረጃው አጠገብ መሬት ላይ የተተከለችው ቀይ ጽጌረዳ ናት። ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ በእጃቸው የተከሏት ናት ይባላል። እኛ የተከራየነው እሳቸው ካረፉ በኋላ ስለሆነ ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ጽጌረዳዋን ግን ሳልወድ በግድ አውቃታለሁ። እትዬ ወርቄ በየጠዋቱ በመስኮቴ ሥር «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። በየሙት ዓመቱ ከእሷ ቆርጠው አቦ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና ጋሽ ደምሴ መቃብር ላይ ያኖራሉ። የሱቅ አበባ አይሆንም፣ የሌላ ሰው አበባም አይሆንም። ዘንድሮ ሙት ዓመቱ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ስለሚውል፣ ከደብረ ብርሃን የሚመለሱትም ለዚሁ ነው።

«አደራህን» አሉኝ። «ሌላው ቢደርቅ ይድረቅ። እሷን ብቻ እንዳታስጠማብኝ።»

«ምን ነካዎት እትዬ? እኔ እያለሁ!»

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። እኔ ያቺን ጽጌረዳ አላስጠማኋትም። ማንም ሰው ቢጠይቃችሁ ይህን መስክሩልኝ።

የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ትመጣለች በተባለችበት ቀን አትመጣም፤ ተስፋ ቆርጠን በርሜሉን ክዳን ስንከድንበት ትመጣለች። በዚያ ላይ ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ጥር ለሌላው ሰው የሠርግ ወር ነው፤ ለእኛ ቤት የዶሮ ወር ነው። ባለቤቴ ሰናይት ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ ትሠራለች። ልጁን የዳረ፣ የመልስ ድግስ ያለበት፣ አማቶቹን ፈርቶ የሚጠራ ሁሉ ለሰናይት ይደውላል። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ዓይኔን ስጨፍን፣ እሷ ጓሮ ሆና ብልት ትቆጥራለች።

ሰናይት ዶሮ ስታጥብ ያላየ ሰው ንጽሕና የሚለውን ቃል በከንቱ ነው የሚጠራው። እያንዳንዱን ብልት ታሸዋለች፣ ቆዳውን ትገፋለች፣ ጅማቱን ትመዛለች፣ ታጥባለች፣ ትደፋለች፣ እንደገና ታጥባለች። በመጨረሻ ሳፋው ውስጥ ሎሚ ትጨምቅበትና ጨው በእፍኝ በእፍኝ በትና ትዘፈዝፈዋለች። ውሃው ኩልል ብሎ ሎሚ ሎሚ ካልሸተተ እጇን አታነሳም። እናቷም እንዲህ ነበሩ፤ የእናቷም እናት እንዲሁ። በኛ አገር ዶሮ ሳታጥብ የሠራች ሴት ስሟ እስከ ሦስት ቀበሌ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ያቺን የመጨረሻዋን ጥርት ያለች እጣቢ ልትደፋ ስታዘነብል አየኋት።

«ቆይ! ቆይ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልደፋው ነዋ።»

«በርሜላችን ባዶ ሆኖ፣ ይሄን የመሰለ ውሃ ቦይ ውስጥ?»

«የዶሮ እጣቢ እኮ ነው!»

«የመጀመሪያው ነው እጣቢ። ይሄ ከቧንቧችን ውሃ ይጠራል። ደግሞ ሥጋ የነካው ውሃ ለተክል ፍቱን ነው።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ሥራ ለማሳጠር የሚፈልግ ሰው እውቀት ከየትም ይመጣለታል። ሰናይት ትከሻዋን ሰብቃ ሳፋውን ለቀቀችልኝ። እኔም ለጽጌረዳዋ ካፈሰስኩላት በኋላ የተረፈውን ለጣሳዎቹ አዳረስኩና ተመልሼ ተኛሁ። ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ይዞ መዞር ቀረልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጡት ድመቶች ናቸው። የዶሮው ሽታ ከሀና ማርያም ሳይቀር ጠራቸው መሰለኝ፣ ጽጌረዳዋን ከበው ይቀመጣሉ። እኔ ከአልጋዬ ተነስቼ «ዙር!» እላለሁ፤ እነሱ ዞረው በሌላ በኩል ይቀመጣሉ። ይሁን፣ የድመት ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ የቅጠሎቿ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ዳር ዳሩን እሳት የላሰው ይመስላል። ምን ሊሆን ይችላል? ጥር ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ተጠምታለች። ጨመርኩላት። በማግሥቱ ቡናማው ወደ መሐል ገባ። አሁንም ተጠምታለች። የሠርጉ ብዛት አግዞኝ የሰናይት ሳፋ ሁለት ሆኗልና ሁለቱንም አፈሰስኩላት። አፈሩ ረጥቦ ሳለ እሷ እንደ ተጠማ ሰው አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ አንገት በደፋች ቁጥር አጠጣታለሁ።

እትዬ ወርቄ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። የእህታቸውን ሕመም በአንድ ቃል ይጨርሱና ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባሉ።

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እምቡጥ ያዘች?»

«ኧረ ምኑ ቅጡ እትዬ!»

«እሰይ! ደምሴ ደስ ይለዋል። ሰላም በልልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ሄጄ «ሰላም ብለውሻል» አልኳት። ሰላምታ ማድረስ አደራ ነው። አንድ ቅጠል አራገፈችብኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ቶላ በአጥሩ ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ያያሉ። ጋሽ ቶላ የአካባቢው ነባር ናቸው፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ አባታቸው ገብስ ያጭዱ ነበር። አሁን መሬቱ ስለሌለ ምክር ያመርታሉ።

«አካም፣ ጎረቤት! ያቺን ነገር ፀሐይ ነው የመታት» አሉኝ። «ጥላ አርግላት።»

አደረግኩላት። የሰናይትን ጃንጥላ አምጥቼ አፈሩ ውስጥ ብሰካው ነፋሱ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወንበር አውጥቼ ራሴ ይዤላት ተቀመጥኩ። እስቲ አስቡት፤ የዓመት ፈቃዱን ለመተኛት የወጣ ሰው፣ ቀትር ላይ ራሱ በፀሐይ እየነደደ፣ አበባ ያለበት የሴት ጃንጥላ ለጽጌረዳ ይዞ ተቀምጧል። ዶሮ ሊወስዱ የሚመጡ ደንበኞች አይተውኝ ሰናይትን ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለቤትሽን ተሻለው?» ይሏታል።

ቀጥሎ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። ጋሽ ቶላ አጥሩ ላይ ተደግፈው ብዙ አሰቡና «ሻጋታ ነው፤ አመድ አልብሰው» አሉ። አመድ አለበስኩት። ባሰባት። በሌላው ቀን መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄስ ዓይን ነው» አሉኝ። «ማነው እዚህ ገብቶ ያደነቃት?» አሰብኩ። ሳትጠወልግ በፊት ያደነቃት ሰው እሳቸው ነበሩ። ለእሳቸው ግን «እንጃ» አልኳቸው፤ ጉርብትና ነው።

በዚህ መሐል የእትዬ ወርቄ ወንድም ለሙት ዓመቱ የሚታረድ በግ ላኩ። ያመጣው ሰው ገመዱን እጄ ላይ አስጨብጦኝ ሄደ። እንቅልፌን ለጽጌረዳ ሰጥቼ የተረፈችኝ ላይ ደግሞ በግ መጣባት ማለት ነው። ደረጃው እጀታ ላይ አሠርኩት፣ ሣርና ፉርሽካ አቀረብኩለት። ዘወር ብሎም አላየው። ገመዱን ወጥሮ፣ አንገቱን አስረዝሞ፣ ጽጌረዳዋ ሥር ያለውን አፈር ይልስ ጀመር። ይልሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደገና ይልሳል። ሣሩን አፍንጫው ሥር ባደርግለት በግንባሩ ገፋኝ።

«ሰናይት! ይሄ በግ አብዷል!»

ሰናይት እጇ እርጥብ እንደሆነ ከጓሮ መጣች። በጉን አየችው፣ ነጩን ቅርፊት አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! ጨው!»

«የምን ጨው?»

«የሳፋው ጨው ነዋ፣ አንተ ሰው!»

ጣቴን አፈሩ ላይ ጫን አድርጌ ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። ወጥ ቢሆን ኖሮ ጨው በዝቶበታል ተብሎ ይመለስ ነበር።

«በእፍኝ ስጨምር አታይም ነበር?»

«አያለሁ። ለዶሮው መስሎኝ!»

«ታዲያ ከዶሮው ወዴት የሚሄድ መሰለህ?»

 ስልኬን ከፍቼ ሳነብ ነገሩ የባሰ ሆነብኝ። ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን አንቆ ይይዘዋል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በጥም ይሞታል። እኔ ባጠጣኋት ቁጥር እሷ ይበልጥ ተጠምታለች። አታስጠማብኝ ነበር ያሉኝ አይደል? በውሃ አስጠማኋት። ያን ዕለት ደረጃው ላይ ከበጉ ጎን ቁጭ አልኩ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላለቅስ ነበር፣ ለማልቀስም ደከመኝ።

መድኃኒቱ ጨው የሌለበት ብዙ ውሃ ነው ይላል ያነበብኩት፤ ጨውን እያጠበ ወደ ታች እንዲወስደው። ውሃ ስትመጣ ጎማውን ሰክቼ ጽጌረዳዋንም ጣሳዎቹንም አጥለቀለቅኳቸው። ቧንቧው ሲቆም በርሜሉን ገለበጥኩላቸው። ከበርሜሉ ቀጥሎ ጀሪካኖቹን። ሰናይት ለትልቅ መልስ የታዘዘባትን ዶሮ ልታጥብ ስትመጣ የቀረው ውሃ ጠብታ አልነበረም። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ሊያነቡት ይችላሉ። ጋሽ ቶላ ጀሪካኖቻቸውን በአጥሩ ላይ አቀበሉንና ከሙሽራው ቤተሰብ እርግማን ተረፍን።

የጣሳዎቹ አበቦች ከጥቂት ቀን በኋላ ቀና ቀና አሉ። ጽጌረዳዋ ግን አልሰማችኝም። ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ረገፉ። ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት፤ አረንጓዴ የለም። ዝቅ ብዬ ሥሯ ድረስ ፋቅኩ፤ እዚያም የለም። የአንዲት ባልቴት የባል ማስታወሻ በእጄ ላይ ሞተ። ስልኩ ጮኸ።

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት እትዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

«በል እንግዲህ፣ ነገ እመጣለሁ።»

ነገ! ሰናይትን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ ከምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቆሜአለሁ።

«ቀይ ጽጌረዳ ፈልጌ ነበር።»

«ሞልቷል። ምረጥ።»

«ያረጀች ትሁንልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው እኮ የሚፈልገው ለጋውን ነው።»

«እኔ ያረጀች ነው የምፈልገው። ብዙ ዓመት እዚያው የኖረች የምትመስል። ግንዷ ወፈር ያለ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለች።»

«ሚስት ነው ወይስ አበባ የምትፈልገው?» አለችና ሳቀች። ከጀርባዋ ያለችውን፣ እሷ ራሷ ቁራጭ የምታወጣባትን እናት ተክል አየሁ። አንድ የፈካ ቀይ አበባ ይዛለች። አልሸጥም አለች። ለመንኳት። እምቢ አለች። በመጨረሻ የማን መቃብር፣ የማን ሙት ዓመት እንደሆነ ሳወራላት መዶሻ የመታው ሰው መስዬ ታየኋት መሰለኝ፣ ምንም ሳትናገር ዶማዋን አነሳች።

ሚኒባስ ውስጥ አቅፌያት ገባሁ። እሾኋ የአንዲት እናት ነጠላ ይዞ አልለቅም አለ፤ እሱን ሳላቅቅ የረዳቱን እጅጌ ያዘ። «ወንድሜ፣ ሙሽራዋን ጭንህ ላይ አድርጋት!» አለኝ ረዳቱ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አበባዋ እንዳትረግፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ያንን ጨዋማ አፈር እስከ ወገቤ ድረስ ቆፍሬ አወጣሁት። በጋሽ ቶላ ጓሮ አፈር ሞላሁት። ተከልኳት፣ በቧንቧ ውሃ አጠጣኋት፣ ወደ ግራ እንድታዘነብል በድንጋይ ደገፍኳት። የሞተችውን ጽጌረዳ ከማገዶው ኋላ ሸሸግኳት። ሲያልቅ ወገቤ አልቀና አለ።

እትዬ ወርቄ በማግሥቱ ገቡ። ሰናይትን ሳሙ፣ እኔን ሳሙኝ፣ ሻንጣቸውን ሳያስገቡ ወደ ደረጃው ሄዱ። እኔ ተከትዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ጥፍሬ ሥር ያለው አፈር እንዳይታይብኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ግንዷን ነኩ። ድንጋዩን አዩ። ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ። 

«እንዴት ከረመች?»

«ደህና ከረመች እትዬ።»

ድንገት ሳቁ። እኚህን ሴትዮ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ሆዳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ይስቃሉ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ያወዛውዛሉ፣ እንደገና ይስቃሉ።

«ደምሴም ልክ እንዲህ ነበር የሚቆመው!» አሉ። «እንዲህ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ!»

«ጋሽ ደምሴ? ለምን?»

«ሲያደርቃት ነዋ! የመጀመሪያዋን እኔ አራስ ልጠይቅ አዋሳ ሄጄ ነው ያደረቃት። ስመጣ ሌላ ተክሎ ጠበቀኝ። በሌላ ጊዜ ቀለም የተበጠበጠበትን ባልዲ ሳያጥብ አጠጣት። ያኔም ተካ። ስንት እንደለዋወጠ እግዜር ይወቀው፤ አንዷማ ጭራሽ ሮዝ ነበረች፤ ቀለሟን ያስለቀቃት ፀሐዩ ነው አለኝ።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ምን እለዋለሁ? እንዲያ ተጨንቆ ቆሞ! አሳመርካት አልኩት። አንድ ቀን እንኳ እንዳወቅኩ አልነገርኩትም። እሱም እስከሚሞት አልነገረኝም።»

ሳቃቸው በመሐል ተቋረጠ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ለእኔ ብሎ እንዲህ ተጨንቆ የሚዋሸኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ» አሉ።

ሰናይት ሄዳ አቀፈቻቸው።  ዶሮውን፣ ጨውን፣ በጉን፣ ሁሉንም ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። አልፈለጉም።

በሙት ዓመቱ ጠዋት ያቺን አንድ ቀይ አበባ በመቀስ ቆርጠው ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ አኑርለት፤ የደከምክባት አንተ ነህ» አሉ። አቦ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ተሳለምን። ጸሎቱ ሲያልቅ እሳቸው ከካህኑ ጋር ሊነጋገሩ ጥቂት ራቅ አሉ፤ እኔ መቃብሩ ጋ ብቻዬን ቀረሁ። አበባዋን ድንጋዩ ላይ አኖርኩ። በሕይወት ሳሉ የማላውቃቸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቃቸው መሰለኝ፤ አንድ የምነግራቸው ነገርም ነበረኝ። ግራ ቀኙን አየሁና ጎንበስ አልኩ።

«ጋሽ ደምሴ» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ «እትዬ ያውቁብዎት ነበር እኮ።»